በጾም ቁርስ የበላሁበት ዓመት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነበር። ጋቢው የእኛ አልነበረም። ከጓሯችን የሚኖሩት፣ እግሮቻቸው ከከዷቸው ሦስት ዓመት የሆናቸው የእማማ ጋቢ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥር ነው። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ካከፋፈለ ሁለት ወር አልፎት ስለነበር እንዶድ ወቅጠን፣ ጋቢውን ዘፍዝፈን፣ ተራ በተራ በእግራችን ረገጥነው። ከዚያ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን እንጠመዝዘው ጀመር። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያጠበ ሰው ያውቀዋል።

«አጥብቀሽ ያዢ እንጂ፤ ልትለቂው ነው» አለኝ።

«እጄ ተላጠ። የራሳችን አንሶላ ሳይታጠብ ሦስት ሳምንት ሆነው። እሱን መቼ ነው የምናጥበው?»

«ነገ።»

«ነገ እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ። ምን አስቸኮለሽ? እኛ ሌሊት ብቻ ነው የምንተኛበት፤ እሳቸው ቀንም ሌሊትም እዚያው ናቸው።»

መልስ አጣሁለት። ሁልጊዜም መልስ አጣለት ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር። ጋቢውን አጥሩ ላይ አሰጣነው። እሱ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ትንሽ ልረፍ» አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን «ልረፍ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ገና ያልለቀለቅሁት ልብስ ነበረኝና ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ወደ ጎን ወደቀ። መኪና እስኪገኝ እንኳ አልቆየም። ልብ ነው አሉ።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው፤ ያችንም ጥቂት በለቅሶ ወሬ ልጨርሳት አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ልናገር። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር!» ይልና የሠራለትን መዘርዘር ይጀምራል። አንዱ ጣሪያውን እንደከደነለት ያወራል። ሌላዋ ባሏ በታሰረ ጊዜ ስንቅ እንዳመላለሰላት ታወራለች። ሌላው ደግሞ የጉድጓድ ቁፋሮውን። እግዚአብሔር ልጅ ስላልሰጠን ከጎኔ የሚቀመጥ የራሴ ሰው አልነበረኝም። ፍራሹ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ስሰማ፣ የባሌን ልብ ቁራሽ ቁራሽ ቆርሰው የወሰዱ ሰዎች በሰልፍ ፊቴ የቆሙ መሰለኝ። ይህን ማሰብ ኃጢአት ነው። ያሰብኩት ግን ይህንኑ ነው።

ሌላው ያናደደኝ ነገር ሆዴ ነው። ጨጓራ ከጀመረኝ ቆይቷል። ጤና ጣቢያው «ሆድሽን ባዶ አታድርጊ፤ ቁስሉ ይደማል» ብሎ አስጠንቅቆኝ፣ ለትልቁ ሆስፒታልም የቀጠሮ ካርድ ሰጥቶኛል። ቀጠሮው የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ግን ሐዘንተኛ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እኔም አዞርኩ። ሲለምኑኝ ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ተውኩ። ቶሎ ብበላ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ በሌሎች ሴቶች ላይ ብያለሁና።

በሣልስቱ ማግስት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው ዛሬ ፀሐይ የሚያወጣኝ?»

እማማ ናቸው። እማማ የአካባቢው ነባር ገበሬ ሚስት ነበሩ። ከተማው ከሀና ማርያም ወዲህ እስከ እርሻቸው ድረስ መጥቶ ያገኛቸው እንጂ እሳቸው ወደ ከተማ አልመጡም። ባላቸው ሞቷል። አንድ ልጃቸው ግንባር ነው፤ ደብዳቤ ከላከ ዓመት አልፎታል። ባሌ በየማለዳው ወደሚሠራበት ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት አዝሎ ያወጣቸውና ፀሐይ ላይ ሰሌን አንጥፎ ያስቀምጣቸዋል። ውኃ ከቦኖ እሱ ይቀዳል፤ ገላቸውን እኔ አጥባለሁ። ልብሳቸውን አብረን። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግን።

ተነሥቼ ሄድኩ። እኔ አጭር ነኝ፤ ማዘል አልችልም። ሰሌኑ ላይ አንከባልዬ መጎተት ጀመርኩ።

«ኧረ ቀስ! በሬ ነው የምትጎትቺው?»

«በሬማ ቢሆን በራሱ እግር ይሄድ ነበር፣ እማማ።»

«እሱ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።»

«እሱ ሞቷል።»

ከዚያ «ትንሽ ወደ ግራ፤ ጥላ ነው» አሉኝ። ወደ ግራ ጎተትኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ የእኔ የብቻዬ ሆነ። ማለዳ ቦኖ ሰልፍ እይዛለሁ፤ ውኃውን ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ እማማን እጎትታለሁ፣ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፤ ለዳቦ እሰለፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ሄጄ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ይህን ሁሉ አደርግ ጀመር። ስግደትም ጨመርኩበት። በሳምንቱ ሆዴ እንደ ከሰል ይነድ ነበር። ባልዲውን አስቀምጬ አጥር ተደግፌ አቃስታለሁ፤ ሰው ሲመጣ ነጠላዬን የማስተካክል እመስላለሁ።

ለምን እንዲህ አደረግሽ ብባል፣ እማማን ብተው ባሌን ሁለተኛ የምቀብረው መስሎኝ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። የቀረችውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰው «ልክ እንደ ባሏ ናት» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። አሉኝም። በየመንገዱ አቁመው «ጠንካራ ነሽ! እግዚአብሔር ብርታቱን ሰጥቶሻል!» ይሉኛል፤ ባልዲው ግን እጄ ላይ እንዳለ ነው።

በአርባው ሰሞን ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ኪስ ኪሱን ስፈትሽ፣ ከክት ኮቱ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የመራበት ወረቀት ነው። ልቡ ስለሚያሰጋ ሳይዘገይ ይታይ ይላል። የቀጠሮው ቀን የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።

ያንን ቀን አስታወስኩት። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ባሌ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ታክሲ ለምኖ፣ እማማን ለእግራቸው ወደዚያው ሆስፒታል የወሰደበት ቀን ነው። ይህችን ኮት ነበር የለበሰው። ማምሻውን ሲመለስ «ሰልፉ አይጣል ነው» ብሎኝ እግሩን ታጠበ። ሌላ ምንም አላለኝም።

ኮቱን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ ሁሉ ያን ጊዜ ወደ ንዴት ተለወጠ። እዚያው ነበር እኮ! ከጠዋት እስከ ማታ፣ እዚያው ግቢ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ወረቀቱን ኪሱ ይዞ! አውጥቶ በካርድ ክፍሉ መስኮት መስጠት ብቻ ነበር የቀረው።

የንስሐ አባቴ በዚያው ሳምንት መጡ። ጥቁር ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቁመው ገቡ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እንደገናም አነበቡት።

«ምን ነበር ይበሉኝ፣ አባ፤ ጻድቅ ነው ወይስ ሞኝ?»

«ደግ ሰው ነበር።»

«እርስዎም ይህንኑ ይሉኛል?»

«ደግ ሰው ነበር፤ ለእኔ ቢነግረኝ ግን ቀኖና እሰጠው ነበር» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን አለሽ?»

«ተናድጃለሁ። በባሌም፣ በአሮጊቷም፣ ጠንካራ ነሽ በሚሉኝ ሁሉ። በእግዚአብሔርም ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«ደኅና አድርጌ።»

ሳቁ። «ዛሬ ምን ቀመስሽ?»

«ጾም ነው እኮ፣ አባ።»

«ጾም መሆኑንማ እኔ ነኝ የምነግራችሁ። ጨጓራሽን ደግሞ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፤ አምና። ቀኖናሽ ይህ ነው፤ እስከ ፋሲካ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአጃ አጥሚት ትጠጫለሽ። ሳትጠጪ የእማማን ደጃፍ አትረግጪም።»

«ስግደት ይዘዙልኝ፣ አባ። መቶም ይሁን ሁለት መቶ።»

«ስግደት ላንቺ ይቀልሻል። የሚቀልሽን ቀኖና አልሰጥሽም።» ጃንጥላቸውን አነሡ። «ኤልያስ አርባ ቀን ጾመ እያልን እናስተምራችኋለን። ከዚያ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻ እንዳበላው፣ 'መንገዱ ይበዛብሃል' እንዳለው አጥብቀን አንነግራችሁም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ቀኖና ነውና እሺ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀኖና የለም። በማግሥቱ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ፤ ቡታጋዙን ለኮስኩ፤ አጥሚቱን አፍልቼ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በችኮላ በማንኪያ እጠጣ ጀመር። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጣደፍም። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በሩ ተገፍቶ ክርኔን መታኝና አጥሚቱ በሙሉ ጥቁር ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። የገቡት የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት። እትዬ እላቸዋለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ ነጭ ነገር?» አሉኝ።

«ኖራ ነው። ግድግዳ ልቀባ ብዬ።»

«በማንኪያ?»

ማንኪያው አሁንም እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ከዚያ እየሳቁ ወገባቸውን ያዙ። «መብላት ቀኖና? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የቀጡኝ በስግደት ብቻ ነው!»

በማግሥቱ ቦኖው ጋ ሰልፍ ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «እኔንስ በዶሮ ወጥ ይቅጡኝ» ትላለች አንዷ። «ያንቺ ኃጢአት ብዙ ነው፤ በሬ ያርዱልሻል» ትላታለች ሌላዋ። ከባሌ ሞት ወዲህ በዙሪያዬ እንዲህ የብዙ ሰው ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእኔም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ባልዲዬን አንሥቼ ሄድኩ።

ለእማማ በየጠዋቱ ተሰልፌ ካመጣሁት ዳቦ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። እሳቸውንም ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል። «አስቀምጪው፤ እበላዋለሁ» ይላሉ። በኋላ ስጠይቃቸው «በላሁ» ይላሉ። አንድ ቀን የሣር ፍራሻቸውን ልለውጥ ሳነሣ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ ዳቦ አገኘሁ። ዘጠኝ ግማሽ ግማሽ ዳቦ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው። ዓይን የለሽም?»

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ! ሥጋሽ አልቆ አጥንትሽ ሲቆም ከአፍሽ ነጥቄ የምበላ መስሎሻል?»

«እኔ ሰልፍ ቆሜ ያመጣሁትን!» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔም ተርቤ ያስቀመጥኩትን!» ብለው ጮኹብኝ።

ዳቦው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ እሳቸውም አልበሉትም፣ እኔም አልበላሁትም። እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። «ያን ቀን ሆስፒታል ከጎኔ ተቀምጦ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። አየው አየውና መልሶ አስገባው። ምንድን ነው ብለው፣ የቀበሌ ነው አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ። ያን ጊዜ እኔ ሽንቴ መጣና ጠራሁት። ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ፊደል አላውቅም እንጂ ወረቀቱ የእሱ መሆኑን ልቤ አውቆታል። እሱን በልቼዋለሁ፤ አንቺን አልበላም።»

መቆጣትም ማጽናናትም አቃተኝ። ሣሩን ለውጬ ወጣሁ።

የቀጠሮዬ ቀን ሐሙስ ነበር። አጥሚቴን ጠጥቼ፣ ካርዴን ኪሴ ከትቼ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ እማማን ቶሎ ላጥብ ብዬ ገባሁ። ሌሊቱን ሆዳቸው ተበላሽቶ አድሯል። ፍራሹ፣ ጋቢው፣ ግድግዳው ሳይቀር። ቆሜ አየሁትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቀጠሮ ይተላለፋል አልኩ በልቤ። ለሌላ ሳምንት ይቀይሩልኛል።

«ካርድሽ የታለ?» አሉኝ እማማ።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«እሱም ኪሱ ውስጥ ነበር።»

እጄ ባለበት ቆመ።

«ሀና ማርያምን እልሻለሁ፣ ዛሬ ብትነኪኝ እጮኻለሁ።»

«እንዲህ ሆነው ትቼዎት ልሂድ?»

«ማን ትተሽኝ ሂጂ አለሽ? ሰው ጥሪ!»

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለች እንዴ! ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነው!»

ከእማማ ቤት እስከ እትዬ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ያን ያህል የረዘመብኝ መንገድ ግን የለም። መስጠት ለምጃለሁ፤ ባልዲ መሸከም፣ ማጠብ፣ መሰለፍ። በሰው በር ቆሞ «አግዙኝ» ማለት ግን እኔም ባሌም አናውቅበትም ነበር። በሩን መታሁ። ሲከፍቱልኝ «እትዬ፣ እማማን ዛሬ ያግዙልኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ሴትዮዋን ለብቻችሁ ይዛችሁ፣ እኛ ምን እናግዝ ስንል 'አይ፣ ጨርሰናል' ስትሉን! ጽድቁንም እንደ ስኳሩ በኩፖን ብታካፍሉን ምን ነበር?» እየተሳደቡ ነጠላቸውን ሸብ አደረጉ፤ እየተሳደቡ ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ እየተሳደቡ ቀድመውኝ ገቡ። «ምን ትጠብቂያለሽ? አውቶቡሱ እንዲህ አይጠብቅሽም!»

ሆስፒታል ስደርስ ካርዴን በመስኮቱ ሰጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከአግዳሚው እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ያንን ርቀት እያየሁ ዋልኩ። ከአጠገቤ የነበረች ሴት «የታመመብሽ ማነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። እንዲህ ብሎ መመለስ እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ሐኪሙ ቁስሉ መድማት እንደጀመረ፣ በጊዜ እንደመጣሁ፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እንድወስድና ከባድ ነገር እንዳልሸከም ነገረኝ። ማነው የሚሸከምልኝ ልለው አልኩና ተውኩ።

ስመለስ እማማ ታጥበው፣ ጸጉራቸው ቅባት ተቀብቶ ተቀምጠዋል። አልጋቸው ከነበረበት ጥግ ተነሥቶ ወደ በሩ ዞሯል። ተኝተው መንገዱን ያያሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ እኔም ባሌም ይህን አላሰብንም።

«የዚች ሴትዮ እጅ በረዶ ነው» አሉኝ እማማ።

«የእርስዎም ምላስ ፍም ነው» አሉ እትዬ።

ሁለቱም ይስቃሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። ጋቢውን በግልባጩ ነው የለበሱት፣ ከጀርባቸው ትራስ አልተደረገም፣ ብዬ ልናገር ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንደዚያ ቀን ራሴን የታዘብኩበት ጊዜ የለም። እኔ ስደማ የከረምኩለት ሥራ፣ ሌላ ሰው ግማሽ ቀን ሠርቶት ሲያበቃ ሰማይ አልተደፋም።

ባሌን ይቅር ብዬዋለሁ ብል እዋሻለሁ። አልጋዬን ሳነጥፍ አሁንም እጣላዋለሁ። ለእማማ አዘንክ፤ ለጣሪያው ሰውዬ አዘንክ፤ ለእስረኛው ሚስት አዘንክ። እኔስ ሰው አልነበርኩም? ልብህን ለሐኪም ብታሳይ ኖሮ ለእኔ ማዘን አልነበረም? አባ አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ «ጠይቂው፤ መጠየቅ ኃጢአት የለበትም» ብለው ሄዱ። እጠይቀዋለሁ። አይመልስልኝም። በሕይወት ሳለ እሱ ነበር መልስ የሚያሳጣኝ።

የእድሩ ሴቶች ሳምንቱን ተከፋፈሉት። አንዳንዶቹ ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ አርፍደው ይመጣሉ፤ አንዷ ስታጥብ አፍንጫዋን ትይዛለች። እማማ ሁሉንም ይሰድባሉ። የእኔ ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ ውኃውን ሌላ ሰው ይቀዳል። በቀሩት ቀናት ጠዋት አጥሚቴን ጠጥቼ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልሼ እተኛለሁ።